ባህር ሸሽ

ባህር ሸሽ ነው ስሙ፣ በግብሩ ደረሰኝ፤
ሁለት ቃዳ መሬት ከጣና ደረሰኝ።
ማን አሳዶት ሸሸ? ብዬ አልጠየቅሁት፣
ጀርባውን ሲሰጠኝ በማረሻ ወጋሁት።
ደንገሉን ከሥሩ ነቃቅዬ ማገድሁት፣
ሽምብራ ዘርቼ በጓያ ደገምሁት።

ሁለት ዓመት ቀናኝ።
በሦስተኛው እምቦጭ፣ ሐምራዊ አበባው፣
ነፋስ እየነዳ ከማሳዬ አስገባው።
አጥሩን እኔው ነቅዬ ማንን ልቆጣበት?
ወንድሜ ይርሳው ታንኳውን ጎትቶ
ቆሮሶ ይራባበት በነበረው ቦታ
መረቡን ቢጥልበት፣
አንድ እግር ነጠላ ጫማ ይዞ ወጣ ማታ።

ማንአስቦት መጣች፣ ከባህር ዳር ቢሮ፣
ቦቲዋን አጥልቃ፣ ሾፌሩ ችካል ቋጥሮ።
«ሃምሳ እርምጃ ብቻ ከዳር ልቀቁ» አለች።
የወራሚት ሰው ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች፣
ግን አልቀረችም፤ ሦስት ክረምት ተመላለሰች።

የመጀመሪያው ተክል ነሐሴን አላየም፤
ገሚሱን ማዕበል፣ ገሚሱን ከብት በላው፣
ሌሊት የነቀለም አልጠፋም ከመሃል።
(እኔ አይደለሁም። ላሟ ግን የኔ ናት።)

ያን ጊዜ አሊጋዝ፣ ከወይጦ ሰፈር፣
በታንኳ ሥራ ጣቱ የጎበጠ፣
በየስብሰባው ጥግ ሳይጠየቅ የተቀመጠ፣
«አቁማችሁ ስትተክሉት ነው» አለ፣ «የሞተው።
ደንገል እንደ ጨቅላ ተኝቶ ነው የሚያድገው፤
ሥሩን አጋድሙት፣ ዓይኑን ወደ ውሃ፣
ድንጋይ አስደግፉት፣ ማዕበል እንዳያናጋ።»

አጋደምነው።
ጭቃው እስከ ጉልበቴ ሲውጠኝ እጁን ሰጠኝ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሩቁ እጅ ነስቼ ያለፍሁት ሰው
ጎትቶ አወጣኝ።
ጭቃው በሁለታችንም መዳፍ ላይ ደረቀ።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ ደንገሉ ከኔ በለጠ፣
ችካሌም ትልሜም ከውሃ ሥር ሰመጠ።
እምቦጩ አልጠፋም፤ ከማዶ ይጠብቃል።
ቆሮሶ መጣ ይላል ይርሳው፤ ይርሳው ግን ብዙ ይላል።
ብቻ ሌሊት ሌሊት፣ ደንገሉ ውስጥ፣
አንድ ነገር ይንቦጫረቃል።

ግብር ልከፍል ብሄድ፣ «መሬትሽ የት አለ?»
አለኝ ጸሐፊው፣ መዝገብ እያገላበጠ።
«የሸሸው ተመለሰ፤ ስሙን ቀይርልኝ፣
ባህር ገብ ብለህ ጻፍ፣ በአዲስ ደረሰኝ።»
ብዕሩን አንስቶ ቆየ።
እስካሁን አልጻፈም።