ሁለት ጣት ጠጉር

ቢቸና፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
በሯ ሰማያዊ የተቀባ
አንዲት ክፍል አለችኝ፤ መስተዋቷ ከጥግ የተሰነጠቀ፣
ደንበኛዬን ሁሉ ሁለት አድርጎ የሚያሳይ፣ አንዷን እየሳቀ፣ አንዷን እየተሳቀቀ።

ግድግዳው ላይ ጌጥ ነው፦ በካርቶን የተሰካ
የላስቲክ ቢራቢሮ፣ ሪባን፣ ፈርጥ ያለው ማበጠሪያ፣ ዛጎል በክር የተለካ፤
ዋጋውን የማይጠይቅ የለም፣ የሚገዛው ግን ጥቂት፤
ሚዜ የምትሆን ልጅ፣ ፎቶ የምትነሳ ተማሪ፣ አንዳንዴም ባሏ ከመተማ የተመለሰላት ሴት።

ሹሩባ እሠራለሁ፤ አልባሶም ቀጭንም፤
ጎፈሬውን አበጥሬ ሚዶ የምሰካለት ጎረምሳም አይጠፋም።
እጄ ጠጉር ያውቃል፦ የታመመውን፣ የተቆጣውን፣ እንቅልፍ ያጣውን፤
ግን አላውቅም ነበር የሌለውን።

መብራት በጠፋበት ቀን ነው፣ ካስኩ እንደ ባዶ ቀፎ ዝም ብሎ፣
አትጠገብ የገባችው፣ ጥቁር ሻሿ እስከ ቅንድቧ ተጠቅሎ።
ከየትመን ነው የመጣችው፤ ጫማዋን ከደጅ አራግፋ፣
ተራ ያላቸውን ሁሉ አሳልፋ፣
ሰው ሲያልቅ ፈታችው።

ሁለት ጣት። እንደ ታጨደ የጤፍ ማሳ፤
እዚህ ጋ ሳስቶ፣ እዚያ ጋ ሳይሳሳ።
"እኔው ነኝ የላጨሁት" አለች፣ "በምላጭ፣ በለቅሶው ዕለት፤
እጄ ሲንቀጠቀጥ ነው፣ ጆሮዬ ሥር ያለው ምልክት።"

ከጉያዋ የቋጠረችውን ፈታች፤
ወለባ አወጣች።
ብር ነው፣ አናቱ እንደ ሽንብራ ፍሬ፣ አንገቱ ላይ ሦስት ሰንሰለት፤
ባሏ የአንድ ወይፈን ዋጋ ያወጣበት፣
"ሞኝ ነህ" ያለችው፣ ሳምንት የተኳረፉበት።
"ነገ የእህቴ ልጅ ሠርግ ነው፤ ስኪልኝ ወለባ።
ሦስት ወር አስሬዋለሁ፤ ትንሽ ነፋስ ይግባ።"

ሰካሁት። ወደቀ። ሲሚንቶው ላይ ቅጭል አለ።
ጠጉሯን በቅባት አስተኛሁ፣ ደግሜ ሰካሁት፤ እንደ ሰነፍ ተማሪ አዘመመና ኮበለለ።
በጥቁር ክር አሰርኩት፤ ክሩ የሚይዘው አጣ፤
ሦስተኛው ላይ እኔን ላብ አሰመጠኝ፣ እሷን ሳቋ መጣ።
አሳሳቋ አስደነገጠኝ፤ የዛገ በር ሲከፈት ዓይነት፤
አፏን በእጇ ከደነችው፣ ሰረቅሽ እንዳሏት።

"ቅጥያ ላድርግልሽ?" አልኳት፤ "ትከሻሽ ላይ ይወርዳል፣ ማንም አይለየው።"
ወለባውን በቀሚሷ ጠረገችና፣ "እሱ የገዛው" አለች፣ "ለዚህ ጠጉር ነው።
ካጠረም፣ ላጠረው።"

ግድግዳዬን ቃኘች። ጣቷ ካርቶኑ ላይ ቆመ፦
ቀይ የላስቲክ ቢራቢሮ፣ የአንድ ክንፉ ቀለም የደከመ።
የልጅ ነው፤ አፉን ከፍቶ ይነክሳል እንጂ አይሰካም።
ከጆሮዋ በላይ ጥቂት ጠጉር ነከሰ፤ አልለቀቀም።
ስጦታ ነው አልኩ፤ ተቆጣች፤
አስር ብሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።
ወለባውን ግን አልቋጠረችውም፤ "አንቺ ጋ ይደር" አለች፤
"እኔ ጋ ሲሆን ሌሊት ሌሊት አወጣዋለሁ።"

መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ከማበጠሪያና ከአሮጌ ቢጎዲን መሀል፤
ሲጠቁር በሎሚና በአመድ አሸዋለሁ፤ ብር ካልነኩት ያኮርፋል።
እሷ በየገበያው ትመጣለች፤ ሻሿን ፈታ፣ ወንበር ሳትይዝ፣ ጎንበስ ትላለች፤
ጣቶቼን እደረድራለሁ። "በቀጭኗ ጣትሽ እንዳትለኪ!" ትላለች።
አንድ ሳምንት ቀረች፤
ሳላስበው የራሴን ጠጉር ስለካ ዋልኩ።

የመስከረም መጨረሻ አምስት ሞላ። ምንም አላልኩ፤ መሳቢያውን ሳብኩት።
ከጆሮዋ ጀርባ፣ ከጠባሳዋ በላይ፣ ቀስ ብዬ ሰካሁት።
አዘመመ።
ጠበቅን። ውጭ ባጃጅ ጡሩንባ ነፋ፤ የጎረቤት ራዲዮ አፈር ማዳበሪያ ያወራል።
ቆመ።

"እንዳትነኪኝ" አለች፣ ተነስታ፣ በዝግታ፣
አናቷ ላይ ወፍ እንዳረፈባት አንገቷን አቅንታ፣
በሰማያዊው በር ወጣች። መስተዋት አላየችም።
በመናኸሪያው ሰው መሀል ሄደች፤ የጠራት ነበር፤ አልዞረችም።