የጓሮው መድፍ

ሁለት ወንድማማች የተኳረፉበት ድርሻ
ይኸው ተጋድሟል፣ ከጎመኑ መደብ መጨረሻ።
ጉሙ ከሉነንበርግ ወደብ ላይ ገና አልጠራ፤
ዝገቱ ወፍራም ነው፤ ዝገትን ግን ማን ያምናል ለአደራ።

በመዶሻ ጫፍ ነካሁት፤ ድምፁ ቶሎ አጠረ።
መብራት ወደ አፉ ሰደድኩ፤ ውስጡ ለስላሳ ነበረ፣
ባሩድ ያልላሰው ጉሮሮ፣ እንደ ሕፃን ላንቃ፤
የመለኮሻው ቀዳዳ ጠርዙ አልተበላ፣ አልነቃ።
በሆዱ በኩል ስዳብስ የቅርጹን ስፌት አገኘሁ፤
በአውራ ጣቴ ጥፍር እስከ ጭራው ሸኘሁ።
ጀርባው ላይ ክብደቱ ተቀርጿል፤ በትራክተር ጎትተን
ከዓሣ ነጋዴዎች ሚዛን ሰቀልነው አንጠልጥለን፤
ሰማንያ ኪሎ ጎደለ።
ብረትም ይዋሻል ለካ፣ የሚጽፍለት እጅ ካለ።

«ወይዘሮ ሙሪየል፣ ሐሰተኛ ነው፤ ሃምሳ ዓመት አይሞላው።»
ሳቀች። «መች ጠፋኝ፣ ጌታው?
ብረቱ በቀለጠበት ሌሊት ወናፉን የነፋሁ እኔ ነኝ።
ኤልዊን ‹ከባሕር ጎተትኩት› ብሎ ለሰው ሲምል፣ ዝም አሰኘኝ
ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ። ልጆቹ ይኸው ተካሰሱ፤
እኔ ብነግር፣ ‹አባታችንን አዋረድሽ› ይሉኛል እነሱ።
ማኅተም ያለበት ጻፍልኝ።»

ጻፍኩ። «ዋጋ» ከሚለው ስደርስ ብዕሬ አመነታብኝ።
እሷ ዝናብ እንዳይገባው አፉን በድስት ግጣም ከደነች፤
«ስፌቱን ሞርደው ብለው፣ ሰነፈ» አለች።