ሰም ቀቢው

አሥራ አራት ክረምት፣ በሆቴል ምድር ቤት፣
ካውያ ጨብጬ ሰም ሳቀልጥ ሌሊት፣
እሷ ፎቅ አልጋዋ ላይ ዓይኗን ጨፍናለች፣
በመዳፏ አየር ላይ መንገዱን ትስላለች፤
ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ከዚያ የገደሉ ጫፍ፤
እዚያ እጇ ይቆማል፣ ትንፋሿም አያልፍ።

ፍሉሪና ትባላለች፤ የኢን ሸለቆ ልጅ፣
ሦስት ወር ሙሉ ፀሐይ ከማይረግጠው ደጅ።
በአራት መቶኛ ሰከንድ ዓለምን ረታች፤
የዓይን ጥቅሻ እንኳ ከዚህ ትረዝማለች።
ሰሙ ቁልቁለት ላይ ተፍቆ ሲቀር የኔ፣
ወርቁ ካንገቷ ላይ አበራ ለዓይኔ።
ቅር አላለኝም።

ከዚያ ጥር መጣ። ሰባተኛው በር ላይ
ጉልበቷ ሲሰበር ሰማሁት ከላይ።
ሄሊኮፕተር ወሰዳት። እኔ ስኪዋን ፈለግሁ፤
አንዱን ከጥድ ሥር ተሰብሮ አገኘሁ፤
ጠረግሁት፣ ሰም ቀባሁት።
ለምን? አላውቅም።

በሁለት ዓመቷ ዳግም ተመለሰች።
ሠላሳ አንደኛ ወጣች። ሰሌዳውን አይታ ሳቀች።

የስንብቷ ዕለት፣ መጋቢት፣ ጭጋግ ነው፤
የእናቷን ቀሚስ ለብሳ፣ ነፋስ እያውለበለበው፣
ሰባተኛው በር ላይ ስትደርስ ቆመች፣
ጓንቷን አውልቃ በረዶውን ዳሰሰች።
ከታች ሰዓቱ ይሮጣል፦ አራት ደቂቃ፣ አምስት፤
ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ማንም የለው ስስት።

እስከ ዛሬ ድረስ ያልነገርኳት ነገር፦
ያን ሌሊት ስኪዋን ሰም አልቀባሁም ነበር፣
ቶሎ እንዳትደርስ ብዬ።