ባሕር ላይ የወደቀ ነጥብ

አርባ ሺህ ነጥብ አለ፣ ስክሪኔ ላይ ተበትኖ፣
እንደ ሰናፍጭ ቅንጣት ከቁና አምልጦ በኖ።
እያንዳንዱ ነጥብ የአንድ ሰው ቃል ነው፦
አንዱ «ውሃው በር ደረሰ» ያለው፣
አንዷ «ሞተሬ ቆመ፣ ማን ይግፋልኝ?» ያለችው፣
ሴማራንግ በጎርፉ ሌሊት በስልኳ የጮኸችው።

የእኔ ሥራ መንፋት ነው።
ሕጉን የጻፍኩት ራሴ፣ አጭር ነው፣ አንድ መስመር፦
ነጥቡ ባሕር ላይ ካረፈ ስሕተት ነው፤ ይሰረዝ፣ ይቅር።
ሳተላይት ይስታል፣ ስልክም ይቃዣል፤
ሰው ባሕር ላይ ቆሞ ምን ብሎ ይጽፋል?

ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነጥብ፣ ሁሉም ከአንድ ሰው፣
ሁሉም ከአንድ ስፍራ፣ ከዳርቻው ማዶ፣ ሰማያዊው ላይ ነው።
ጣቴ መሰረዣው ላይ ነበር።
አንዱን ከፈትኩት፤
ሽርጥ የተሰጣበት ገመድ፣ ጣራ ላይ የወጣች ዶሮ፣
ከሥሩ፦ «ቤት ነኝ።»
ሌላውን ከፈትኩ፤ የረመዳን ጨረቃ፤
«ቤት ነኝ።»
ሌላው ምስል የለውም፤
«ቤት ነኝ።»

በጀልባ ሄድኩኝ። የድሮው መንገድ
ከጀልባው ሆድ ሥር ነው፤ ይታያል ሲወርድ።
ፓክ ሙንጂ መረባቸውን አስቀምጠው ተነሡ፤
ወለሉን ሦስት ጊዜ ከፍ አድርገውታል፣ ጣራው ግን አልሸሸም፤
ጎንበስ ብለው ተቀበሉኝ፣ ቤታቸው ቀና አያስብልም።

«አድራሻዬን ማን ሰጠሽ?»
«እርስዎ ራስዎ» አልኳቸው።
ስልካቸውን ገረመም አደረጉት፣ ነገር እንዳወጣ ልጅ፤
«እኔ እኮ የምጽፈው ሆንግ ኮንግ ላለችው ልጄ ነው እንጂ!
ሰው ቤት ትሠራለች፤ ማታ ማታ ታያለች፤
ነጥቡ ካለበት ካልራቀ፣ ‹አባቴ አለ› ትላለች።
ለአንቺ መቼ ጻፍኩ?»

የፈቃድ ቅጹን ሳወጣ ጫፉ ረጥቧል።
ሳያነቡት መለሱልኝ።
«ይሄን ተይው» አሉ፣ «አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ፤
ካርታሽ ላይ ስታኖሪኝ፣ ከየብሱ አኑሪኝ።»

አሁን ሌሊት ነው፤ ወንፊቱን ይዣለሁ።
ባስቀምጣቸው፣ የማያውቁት ሁሉ በራቸውን ያንኳኳል፤
ብሰርዛቸው፣ እዚያ ሰው አልነበረም ይባላል።
የብስ ላይ እንዳላኖራቸው፣
የብሱን ከየት አምጥቼ?

ሕጌን ግን ሰረዝኩት፣ ያችን አንድ መስመር።
ወዲያው አዲስ ነጥብ ብልጭ አለ፣ ከባሕር፦
«ቤት ነኝ። ዛሬ እንግዳ ነበር።»