ለሁለት ዓይን ብቻ

ሽምብጥ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከተከራየሁት ቤቴ፣
በርጩማ ጥግ ገፋሁ፣ እንዳይገጨው ባቴ፤
ሽቦ ጠቀለልሁኝ፤ ባልዲውን አወጣሁ፤
ወለሉን በብርሃን ዞሬ ከልዬ መጣሁ።
ሰማያዊው መሥመር ከኔ በቀር ለማንም አይታይ፣
ካለፈው ግን እጄ ያርፋል አምፖሉ ላይ።

መነጽሩን ደፋሁ። ኮምፒውተሬ ጠየቀ፦
«ይህን ዕቃ ታውቂዋለሽ?» ስድስት ቁጥር አፈለቀ፤
ከዓይኔ ሥር ካሉት ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁ፣
«ፍቀጂ»ን ሳልነካ እስከዚያ ድረስ ቆየሁ።

ድሮ እንዲህ አልነበርሁም።

ጥቅምት ላይ፣ ከጀልባው መነሻ ካለችው ካፌ ገብቼ፣
ግድግዳ ላይ በተጻፈው ቃል (ካንድ እስከ ስምንት) ዋይፋይ ከፍቼ፣
ከዝርዝሩ አናት ያለውን፣ ስሙን ሳላነብ፣ መረጥሁ፤
መነጽሬ ጨለማ ሆነ። ጥቂት ጠበቅሁ። አወለቅሁ።
ኳስ ይታይበት የነበረው ያ ትልቁ ቴሌቪዥን
ሰፍቶበታል የኔ ካርታ፣ የእንቦጩ፣ የጣናችን፤
ከጎኑም ለአንሙት ጀምሬ የተውሁት ደብዳቤ፦
«ሰርጉን እናዘግየው፤ እኔ ገና በልቤ...»
አንዱ «ኳሱን መልሱ!» አለ። ሌላው፣ ጀልባ ነጂ መሰለኝ፣
የአምባዛ አጥንት ከአፉ አውጥቶ፣ «ገና ምን?» ሲል ጠየቀኝ።

ደብዳቤው ሳያልቅ ደረሰ፤ አንሙት በሰው ስልክ አየው፤
«ከሃምሳ ሰው ኋላ ነው እንዴ» አለኝ፣ «ልብሽን የማየው?»

ዛሬ ራውተሩ የኔ ነው። የይለፍ ቃሉ ረጅም፤
የዓሣ ስም ይኑርበት አይኑርበት፣ ግጥም ላይ አልነግርም።
ባንኩን ዘጋሁ፣ መልእክቱን፣ የደወሉንም አፍ ዘጋሁ፤
ካርታውን ብቻ፣ እሱን ብቻ፣ ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ።
ጣና ክፍሌን ሞላ፤ ጎርጎራ ከኮርኒሱ፣ ዘጌ ከጉልበቴ፤
የእንቦጩን ጠርዝ ከመገጭ አፍ ተከተለች ጣቴ።

መብራት ጠፋ።
ራውተሩ ሞተ፤ ሐይቁ ተጠቀለለ፤
ሰማያዊው መሥመር፣ እንጃ የት እንዳለ።
በእግሬ ዳበስሁ፤ በርጩማው ካኖርሁበት ጥግ ተገኘ።
ተቀመጥሁ። ከመስኮቱ ማዶ፣ ከእውነቱ ውኃ፣ ጓጉንቸር ተቃኘ።

ኮምፒውተሬ ባትሪ አለው፤ ብርሃኑን ወረቀት ላይ አጋደልሁ፤
እስክሪብቶ ፈልጌ፣ «አንሙት፣ እኔ ገና» አልሁ።
ጣቴ ቆመ። ገና ምን እንደሆነ ማን ያውቃል፤
ያ ጀልባ ነጂ፣ አጥንቱን እንደያዘ፣ መልስ ይጠብቃል።