የግራው ቻናል

የመብራት ክፍያ ደረሰኝ ገልብጬ፣
ፒያሳ፣ ከሱቄ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ፣
እስካሁን ያልኖረ አምፕሊፋየር ሳልሁ፤
አራት አምፖል ሰጠሁት፣ ሁለቱን ሰረዝሁ።
ለአንዲት ክፍል ቤታችን ሁለት ይበቃታል፤
ድንጋይ ነው ግድግዳው፣ ድምፅ ይመልሳል።

ትራንስፎርመሩን ራሴ እሠራለሁ፣
ሦስት ሺህ ዙር ሽቦ በእጄ እጠመጥማለሁ፤
መሐል ላይ «እንዴት ዋልክ» ካሉኝ እሳሳታለሁ፣
ከአንድ እጀምራለሁ።

ሻሲው ከላሜራ፣ ጎንና ጎኑ ዋንዛ፤
ካውያ አለኝ፣ ስታኞ ከቅዳሜ ገበያ ይገዛ።
ማታ መቶ ስድሳ ቮልት ሲወርድ መብራቱ፣
ድምፁ እንዳይታፈን፣ ከኅዳጉ ላይ አለ መድኃኒቱ።

ስቴሪዮ ነው እንግዲህ፣ ግራም ቀኝም አለው፤
ግራ ጆሮዬ ግን አዘዞ ወፍጮ ቤት እንደቀረ ነው።
አናጢው አዛናው ወረቀቱን አይቶ፣
«ላንድ ጆሮ ሁለት ቻናል?» አለኝ፣ ልኬቱን ትቶ።

እኔም አልመለስሁም፤ እርሳሴን ቀረጽሁ፣
ከግራው መስመር ሥር ስምሽን ጻፍሁ።
የዝና፣ በግራዬ ነው ሁሌ መቀመጫሽ፤
በዚያ በኩል ያለው ድምፅ ሁሉ ድርሻሽ።
ዘፈኑ አልቆ፣ አምፖሉ ገና ሳይበርድለት፣
ያመለጠኝን ትነግሪኛለሽ፣
ትንሽ ጨምረሽበት።