አራተኛው ቱቦ

ሽምብጥ ባለው መጋዘን፣ በቆርቆሮው ጥላ፣
ቱቦውን ሰነጠቅነው እንደ አምባዛ ገላ።
ከላይ ጥቁር ጭቃ፣ የላመ እንደ ቅቤ፤
ሜትሬን ዘረጋሁ፣ ወረድኩኝ በዓይኔ፣ ቀለሙን ከትቤ።
ስምንተኛው ሜትር ላይ ቢላዬ ነጠረ፤
ጭቃው ጭቃ አልነበር፤ እንደ ገል ስባሪ ደርቆ የጠጠረ።
ቆንጥሬ ቀመስኩት፤ ሙያችን እንዲህ ነው፤
ዓይን የሳተውን አሸዋ ጥርስ ነው የሚያውቀው።

ተንኮሻኮሸብኝ።
ጣና ደርቆ ነበር።

እዚያ፣ ሞተር ጀልባው ትናንት በቆመበት፣
ሁለታችን በማዕበል ባስመለስንበት፣
ሣር ነበር። ንፋስ ነበር። የተሰነጠቀ መሬት።
ምናልባት አንድ ድኩላ ከዘጌ ተነስቶ እስከ ደቅ ድረስ
አቋርጦት አልፏል፣ ሸኮናው ሳይርስ።
ዓባይን በዚያ ዘመን ማን ነው የሚያውቀው?
ጢስ ዓባይ ጢስ አጥቶ፣
ጥቁር ገደሉ ላይ ፀሐዩን እንሽላሊት ሲሞቀው።

እንዳላማው መጣ፣ ጀልባ ነጂያችን፣
የቀን አበሉን ሊፈርም፤ ቆመ ካጠገባችን።
«ሐይቁ ደርቆ ነበር» አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ።
«እሺ፣ ዓሣውስ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ።
አላውቅም።
ጎንበስ አለና ከጠጣሩ በላይ፣ ከቡናማው ሽፋን፣
አንድ ክር መዘዘ፣ በጥፍሩ ሰነጠቀ፤
«ደንገል ነው» አለን።
ቤተ ሙከራው ለዚህ ሦስት ወር ይፈጃል።
የታንኳ ሠሪ ልጅ ነው፤ አባቱ ያሰረውን ሁሉ እጁ ያውቀዋል።
«ደንገል ጥልቅ አይወድም፤ ከጉልበት እስከ ወገብ።
ይሄ ውሃው ሲመለስ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ በረግረግ፣
እንደ ተጣላ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ሲያስብ።»

ጻፍኩት። «ረግረግ» አልኩኝ ከሥዕሉ ዳር፤
ከሥሩም በትንሹ፣ «እንዳላማው እንዳለው»።
አለቃዬ ይሰርዘዋል ይሆናል ሲያነበው።

ግን ከጠጣሩ ጭቃና ከደንገሉ መሃል
አንድ መስመር አለ፣ የፀጉር ያህል።
የታቹ ከላዩ ጋር አይገጥምም።
ስንት ሺህ ዓመት እንደዋጠ መስመሩ አይነግርም፤
ሐይቅ ሲደርቅ አይጽፍም፤
የጻፈውንም ንፋስ ከላይ ከላይ እየገለጠ ይወስድበታል።
ይህንን ለእንዳላማው አልነገርኩትም። ፈርሞ ሄዷል።

ማታ ወደ ቤት ስሄድ፣ ከዘንባባው ሥር፣
ጣና በጨለማ ድንጋዩን ሲልስ፣ ሲያወራ ነበር።
አንዲት ቅንጣት አሸዋ ከጥርሴ መሃል አለች፤
ምላሴ ፈለጋት፣ አገኛት፤
እዚያው ቆየች።